አመሉን ደብቄ የሸጥኩት ላንድክሩዘር

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ በዋለ አንድ አርብ ቀን ነው። ሰው ሳይሞት፣ ንብረት ሳይጠፋ ያለፈ ነገር ነው። ቢሆንም ከእኔ አልወጣም። እስካሁን ረጅም ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ላብ ላብ ይለኛል።

እኔ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌር ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገድ የሆነውንም ያልሆነውንም ሲነዳበት ኖሯል። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ይነዳው የነበረውን ላንድክሩዘር በጨረታ ገዛው። እናቴ «ጣውንት አመጣብኝ» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፤ ከእኛ ይልቅ እሱን ነበር ማለዳ ተነሥቶ የሚጠይቀው።

በእኛ አገር ላንድክሩዘር እንደ ሌላው መኪና አይታይም። ክትባት ያመጣው እሱ ነው። በክፉው ቀን ስንዴና ዘይት ያመጣው እሱ ነው። ዳኛውም፣ የምርጫው ኮሮጆም፣ የከብት ሐኪሙም በእሱ ነው የመጡት። አንዳንዱ ቀበሌ ከእሱ በፊት ጎማ ያለው ነገር አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰዉ ቶዮታ ሲል የፋብሪካ ስም የጠራ አይመስለውም፤ ውለታ እንደዋለለት ዘመድ ነው የሚያነሣው።

አንድ ጊዜ ስለ ታሪኩ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ለአባቴ ነገርኩት። መጀመሪያ ለፖሊስና ለጦር የታሰበ እንደነበር፣ ጃፓን አገር አንድ ትልቅ ተራራ ላይ ወጥቶ ጉልበቱን እንዳስመሰከረ ሳወራለት ሳቀብኝ።

«መውጣቱን ተወው፤ አወራረዱን አልጻፉም?» አለኝ።

አባቴ ሲያርፍ መኪናው ለእኔ ደረሰኝ። የመምህር ደመወዝና ነዳጅ ደግሞ አይተዋወቁም። ይባስ ብዬ ፍሬኑን እኔው ራሴ አበላሸሁት። አንድ ዕቃ ሲያልቅበት ትክክለኛውን ከባሕር ዳር ማስመጣት ታክቶኝ፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የወረደ አስገጠምኩለት። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ሲግል ግን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጥና እግር ባዶ ይረግጣል። እኔ አመሉን ስለማውቅ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ አወርደው ነበር። ልሸጠው ስነሣ ሁለት ገዢዎች መጡ። ስለ ፍሬኑ ስነግራቸው ሁለቱም ሄደው ቀሩ። ለሦስተኛው ላልናገር ወሰንኩ።

ሦስተኛው ገዢ አንድ ቀበሌ ሆኖ መጣ።

ከስማዳ በኩል፣ ከገደሉ ግርጌ ካለ አገር የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከወገዳ ከተማ የቀጠሩትን ሹፌር አስከትለዋል። የሚናገሩት አቶ ውበቴ የሚባሉት ነበሩ። ሁለተኛው ቄስ አምሳሉ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ዱላቸውን ተደግፈው እኔን እኔን ብቻ ያዩ ነበር።

እኔ ሞተሩን ልከፍትላቸው ስል አቶ ውበቴ ከለከሉኝ።

«ተወው ልጄ። እኛ ሆዱን ብናይ ምን እናውቃለን? ይልቅ ለምንድን ነው የምትሸጠው?»

«ነዳጁን አልቻልኩትም።»

«ማን ነው የገራው?»

በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ በሬ እንደሚገዛ ሰው እየጠየቁኝ መሆኑ ገባኝና ፈገግ አልኩ። «አባቴ ነው የገራው» አልኳቸው።

«እሱንማ እናውቀዋለን። በዚያ በርኃብ ዘመን እህል ይዞ እኛ ዘንድ የወረደ እሱ ነው። መኪናውንም በድምፁ እናውቀዋለን። አመሉስ?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። እኔ ግን የግራው በር በኃይል ካልተዘጋ እንደሚከፈት፣ ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ለመነሣት እንደሚለግም፣ ጥሩምባው ሲፈልግ ብቻ እንደሚጮህ ነገርኳቸው። አቶ ውበቴ ከት ብለው ሳቁ።

«ይሄማ አመል አይደለም፤ ዕድሜ ነው! እኛስ ብንሆን ጠዋት ጠዋት መቼ እንነሣለን?»

ሹፌሩ ጎማውን አየ፤ አስነሣውና ገበያው ጥግ ባለው ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ አዞረው። ሜዳ ነውና ፍሬኑ እንደ አዲስ ያዘ። «ጥሩ ነው» ብሎ ወረደ።

ውሉን ከመፈረማችን በፊት ቄስ አምሳሉ ለምን እንደሚገዙት ነገሩኝ። ባለፈው ክረምት የአቶ ውበቴን ምራት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ዳገቱ ላይ ሞታባቸዋለች። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ማኅበር ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ወላድ በትከሻ አንሸከምም ብሎ ቆረጠ። አቶ ውበቴ ይህ ሲነገር ወደ ሌላ ያዩ ነበር።

«መኪና አናውቅም፤ ስለዚህ ስለ ሰውዬው ጠየቅን» አሉ ቄሱ። «ደብሩንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ጎረቤቶችህንም ጠይቀናል። ሁሉም የነገሩን አንድ ቃል ነው።»

ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እንዲያውም ኮራሁ። ኮርቼም ፈረምኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ መደበቄ ሳይሆን እየደበቅሁ መኩራቴ።

አርብ ጾም ነውና ምንም ሳይቀምሱ ተነሡ። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ቄሱ በመስኮት መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ።

ብዙ ሳይቆይ ባለቤቴ ከገበያ ገባች።

«ሲሄዱ አገኘኋቸው፤ ሽማግሌዎቹ መኪናውን አስቁመው ሰላም አሉኝ» አለች ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ። «ስለ ፍሬኑ ነግረሃቸዋል አይደል?»

ውሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ለወላድ ነው የገዛነው ብለው ነገሩኝ እኮ።»

ባለቤቴ ተቆጪ ናት፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጣችም። ጫማዬን ከበሩ ሥር አንሥታ እግሬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሹፌሩ ስደውል ኔትወርክ የለም። ወደ መንገዱ ሮጬ ወጣሁ። የቆመ ባጃጅ አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም የቀድሞ ተማሪዬ፣ ያውም ፊዚክስ ሁለት ጊዜ የጣልኩት ልጅ ነው።

«ላንድክሩዘር አስይዘኝ» አልኩት።

«በባጃጅ?» አለ። «መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ፊዚክስ ይሄ አይሆንም ይላል።»

«ንዳ ብዬሃለሁ!»

ነዳ። ግን አርብ ነው። መንገዱ በአህያ፣ በበግና በገበያተኛ ተሞልቷል። አንዷ አህያ ጤፍ እንደተጫነች መሐል መንገድ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። ወርጄ ከባለቤቱ ጋር ገፋኋት። «መምህር፣ ምን ነካዎት?» ይለኛል የሚያውቀኝ ሁሉ። እኔ ግን በዓይኔ የሚታየኝ ያ ቁልቁለት ብቻ ነበር። መኪናው በማርሽ ካልተያዘ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ይግላል። ሹፌሩ ይረግጠዋል፤ ምንም የለም። ይህን ሁሉ ሙቀት፣ ግፊት እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነው። ልጁ እየነዳ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በኋላ መቀለዱን ተወ።

ከከተማ ወጥተን ሜዳውን ስንጨርስ የመኪናው አቧራ እንኳ አልታየኝም። ወርደዋል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። የመጨረሻዋን ጉብታ ስንወጣ ግን ላንድክሩዘሩ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል። በአራቱም ጎማ ሥር የድንጋይ ታኮ ተደርጎለታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ምንም ያልሆነ መኪና አስቁመው ይሄው ግማሽ ሰዓት ሆነን!» አለኝ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ፣ እኔ እንድፈርድለት። «ይረፍ አሉኝ። መኪና ያርፋል እንዴ?»

«ያርፋል እንጂ» አሉ አቶ ውበቴ ሳይነሡ። «ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፤ በሬ የሚሰበረው ሲወርድ ነው። የሱ አባትም እዚህ ሲደርስ ሳያሳርፈው ወርዶ አያውቅም። እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጥ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሮጌውን ዕቃ፣ ከዚህ በፊት መጥተው የቀሩትን ሁለት ገዢዎች፣ ስለ ምራታቸው እየሰማሁ ዝም ማለቴን። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀና ብሎ ቁልቁለቱን አየና ከመኪናው ራቅ ብሎ ሄዶ ቆመ።

አቶ ውበቴ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም ደስ ባለኝ።

«ሚስትህ ታውቅ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እሷ ናት የላከችኝ።»

«በል እንግዲያ ቤትህ ደህና ነው» አሉ።

ቄስ አምሳሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቁኝም። «ቅጣት አለብህ» አሉ። «ውሉን አናፈርስም። አንተው ታሠራዋለህ፤ ስትጨርስ መጥተን እንወስደዋለን፤ መጀመሪያ የሚወርድ ቀን አንተ ከፊት ተቀምጠህ ትወርዳለህ።»

ያን ጊዜ ሦስተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ከነሚስቱ» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እየመጣ።

መኪናውን በቀስታ ወደ አርብ ገበያ መለስነው። ትክክለኛውን ዕቃ ከባሕር ዳር አስመጣሁ፤ ፍሬኑን ከራሱ እስከ እግሩ አስፈታሁት። ከመካኒኩ ጋር መኪናው ሥር ተጋድሜ እያንዳንዱን ብሎን ሲያስር አየሁ፤ ሰውዬው «ሥራህን ትተህ ሙያ ልትለውጥ ነው?» እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ሆነን ወረድን። አፋፉ ላይ እንደ ደንቡ አሳረፍነው። ስንወርድ የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር፤ በየጥምዙ የሹፌሩን እግር እመለከታለሁ። ፔዳሉ አልሰመጠም። ግርጌ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። ባለቤቴ ጆሮዬ ሥር «ለአንተ እንዳይመስልህ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ አልፎ አልፎ ይደውልልኝ ነበር፤ እኔም ስለ ፍሬኑ ሳልጠይቅ ዘግቼ አላውቅም። ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስሜን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አዲስ ተማሪ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት ጠየቅኋት።

«ይቅርታ መምህር፣ እኛ አገር ሙላት የሚባለው መኪናው ነው።»

ከዚያ ከገደሉ ግርጌ ካለ አገር የመጣች ናት። እነሱ ዘንድ የተገዛ በሬ በሻጩ ስም ይጠራል፤ መኪናውንም እንደዚሁ ሙላት ብለውታል። ሌሊት ወላድ ምጥ ሲይዛት «ሙላትን ቀስቅሱት» ይባላል። ታሞ ወገዳ ሆስፒታል ደርሶ የዳነ ሰው «ማን አመጣህ?» ሲሉት «ሙላት» ይላል። ታናሽ ወንድሟ በጉዞ ላይ ሙላት ውስጥ ተወልዶ እሱም ሙላት ተብሏል። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ደወሉ ሲደወል ግን ወደ መምህራን ክፍል አልሄድኩም። ከሕንፃው ጀርባ ሄጄ ብቻዬን ቆምኩ። በእኛ አገር ገደል ስም የሚያገኘው ሰው ሲወድቅበት ነው፤ እገሌ የወደቀበት፣ የእነ እገሌ ገደል ይባላል። በስሜ የሚጠራ መኪና ይገባኛል አልልም፤ ግን እወደዋለሁ፣ ከአባቴ ዘንድ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን እወደዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያ ገደል እስከ ዛሬ ስም የለውም።