አራተኛ ጊዜ ወደ ሃርሎው

ሊኔት ሃላስ ሐኪም እሆናለሁ ማለት የጀመረችው በስምንት ዓመቷ ነው፤ ያኔም የነገረችው ለአባቷና ለውሻው ብቻ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፣ ዓይን አፋርነቷ ግን ፈቅ አላለም። ምግብ ቤት ያላዘዘችውን ቢያመጡላት ዝም ብላ የምትበላ ልጅ ናት። እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው አሜሪካ፣ ኔብራስካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «የት ኮሌጅ ልታመለክቺ ነው?» እያለ የሚያስጨንቃት። ፖስተኛው እንኳን አልቀረም! የጥርስ ሐኪሙማ አፏን አስከፍቶ ነው የጠየቃት።

አባቷ ዌንደል ትራክተር ጠጋኝ ነው። ለእሱ በምድር ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይ ማሊያ ለብሶ ጨዋታውን የሚያይለት የክፍለ ግዛቱ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ።

«ምን አነሰው?» ይላል። «ቅርብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ኳሱስ ብትይ!»

«አባዬ፣ እኔ ኳስ ልጫወት ነው እንዴ?»

«ቢሆንም!»

«ቢሆንም» ካለ ደግሞ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም።

ሊኔት ግን አስባበታለች። ከአራት ዓመት ኮሌጅ በኋላ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት፣ በደንብ የሚያውቋት መምህራን የምስክርነት ደብዳቤ ሊጽፉላት ይገባል። በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማረው አራት መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ታጭቆ ነው። ራሷን ታውቃለች፤ ከኋላ ትቀመጣለች፣ መቶ ከመቶ ታመጣለች፣ ውልቅ ብላ ትሄዳለች። ታዲያ ደብዳቤውን ማን ሊጽፍላት ነው? ግድግዳው? ስለዚህ ካሰበቻቸው አሥራ አንድ ኮሌጆች አሥሩን ሰርዛ ሃርሎውን አስቀረች። ሃርሎው ትንሽ ኮሌጅ ነው፣ ከቤቷ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የኬሚስትሪ ክፍሉ አሥራ ስምንት ተማሪ ብቻ። አሥራ ስምንት ሰው መሃል መደበቅ አይቻልም፤ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይዘሮ ኮቫሪክ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ሃርሎው ደውዬ ነበር፣ ሊኔት» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «አያውቁሽም።»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ እኮ!»

«መዝገባቸው ላይ የለሽም። እነሱ ሊጎበኛቸው የመጣውን ይቆጥራሉ፣ ያልመጣውን ከልቡ አልፈለገንም ብለው ይተዉታል። በሩ ላይ አልፈረምሽም?»

አልፈረመችም። ሃርሎው መግቢያ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ጀርባ ደግሞ ፈገግታዋ ጆሮዋ ድረስ የደረሰ አንዲት ተማሪ። ይህች ልጅ ሰልፈኛውን ሁሉ «እስኪ ስለራስሽ አንድ ነገር ንገሪን!» ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። መጀመሪያ የሄደች ቀን፣ ከፊቷ ሦስት ሰው ሲቀር ሊኔት እግሬ አውጪኝ ብላ ሕንፃውን ዞረች፣ በወጥ ቤቱ በኩል ባለው በር ገብታ ገለጻው የሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ጊዜማ ሰልፉንም አላየችው።

«ታዲያ ማን አየሽ?» አሉ ወይዘሮ ኮቫሪክ።

«ማንም።»

«ወይ አንቺ ልጅ!»

ሊኔት በንዴት ከቢሮው ወጣች። እንዳልደበቅ ብላ የመረጠችው ኮሌጅ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተደብቃ ተመለሰች! በማን ትናደድ? በራሷ ነዋ።

አባቷ ሲሰማ «ቁጥሩን ስጪኝ፣ እኔ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ!» አለ።

«አባዬ፣ በፈጠረህ!»

እሱ ከሚደውል ይሻላል ብላ፣ የአባቷ መኪና ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘግታ ራሷ ሃርሎው ደወለች። ያነሳችው ሴትዮ ድምፅዋ ማር ነው፣ የምትለው ግን ሬት።

«ያልፈረምሽበትን መቁጠር አልችልም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ግን መጥቻለሁ! ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሦስተኛው ወንበር እግሩ ተሰብሯል!»

«እሱን እንኳን እናውቃለን። ቅዳሜ የመጨረሻው የጉብኝት ቀን ነው፣ ነይና ፈርሚ።»

ቅዳሜ ትልቅ ጨዋታ አለ። ዌንደል ግን ቀይ ማሊያውን ለብሶ መሪውን ያዘ፤ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮኑን አልከፈተም። ሃርሎው ሲደርሱ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ሊኔት የወጥ ቤቱን በር በዓይኗ ፈለገችው።

«እዚያ ነው የምትገቢው የነበረው?» አላት አባቷ።

«አዎ።»

«ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል» አለና ከኋላዋ ቆመ። ሊያስገድዳት አልሞከረም።

አሥር ሰው ቀረ። አምስት። ሦስት ሲቀር እግሯ እንደለመደው መዞር ጀመረ። ግን ሦስት ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሄድና መመለስ፣ ያ የተሰበረ ወንበር፣ «አያውቁሽም» የተባለችው ሁሉ ትዝ አላትና ደሟ ፈላ። ተራዋ ደረሰ።

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አለች ባለ ፈገግታዋ። «የመጀመሪያ ጊዜሽ ነው?»

«አራተኛዬ ነው!»

ጮኻ ኖሯል። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት፤ ዌንደል እንኳን ደነገጠ።

«እ... እሺ» አለች ልጅቷ ፈገግታዋ እየጠበበ። «እስኪ ስለራስሽ አንድ ነገር ንገሪን?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለች ሊኔትና እስክሪብቶውን ከልጅቷ እጅ ወስዳ መዝገቡ ላይ ስሟን ሁለት መስመር በሚይዝ ፊደል ጻፈች።