የአዴ ለሊሴ የዝናብ ካባ

ባለፈው ነሐሴ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ፣ ሁለት ወጣት ነጋዴዎች አጠገቤ ቆመው ያወሩ ነበር። አንደኛው ቅጥል ብሏል። «አዲስ ነገር ባመጣሁ በሳምንቱ ጎረቤቴ ደርድሮት አገኘዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ምን ያለፋኛል?» አለ። ጣልቃ ልገባ አሰብኩና አፈርኩ። ዝናቡ ሲያባራ እነሱ ሄዱ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህንኑ ቃል በጃንሆይ ዘመን፣ ከዚያ ብዙም በማይርቅ በረንዳ ላይ፣ እኔው ራሴ እያለቀስኩ ተናግሬው ነበርና።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምት የሰፈረ ወታደር ነው። የምሠራው አዴ ለሊሴ ልብስ ስፌት ቤት ነበር፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። አዴ ለሊሴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅምና ዝምተኛ ሴት ነበሩ፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ግን ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማል። ከባላቸው የቀሩ ሦስት የስፌት መኪናዎች ነበሯቸው። በአንዱ እሳቸው፣ በአንዱ ቶሌራ የሚባል ቁጥብ ወጣት፣ በሦስተኛው እኔ እንሰፋለን። አባቴ ሥራው ካልሆነልሽ ለአንድ አምሳ አለቃ እድርሻለሁ ብሎኝ ስለነበር፣ ያ መኪና ለእኔ ከመተዳደሪያም በላይ ነበር።

በዚያ ዘመን ልብስ የሚሰፋው ሰው እየተለካ ነው። አዴ ለሊሴ ግን አንድ ክረምት፣ የተማሪ ቁምጣና ሸሚዝ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ አስቀድመን ሰፍተን እንስቀል አሉ። መስከረም ሲጠባ ልጆቻቸውን ይዘው ከገጠር የመጡ ወላጆች፣ ልብስ እስኪሰፋ ከተማ ማደር ቀረላቸው። በረንዳችን በሰው ተሞላ።

ደስታችን እስከሚቀጥለው ገበያ ብቻ ነበር። ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚሸጡት አቶ ሸምሱ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው በራሳቸው ጥረት የከበሩ ብርቱ ሰው ነበሩ። ልብስ ሰፊዎች ቀጠሩና ያንኑ ቁምጣ፣ ያንኑ ሸሚዝ ደረደሩ። ጨርቁን ከአዲስ አበባ በጥቅል የሚያስመጡ እሳቸው ስለሆኑ ዋጋቸው ከኛ ይረክሳል። ገበያተኛው መንገዱን ተሻገረ።

«ምን ያለፋናል አዴ? የፈጠርነውን ሁሉ ለሚወስዱብን!» ብዬ አለቀስኩ።

«ኤዬ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ያን በጋ እንደምንም ተንገታገትን። ሰኔ ሲገባ ግን መኪናዎቹን ሸጠው ዲጋ በሚባል አገር የሚኖሩት ወንድማቸው ዘንድ ለመግባት እንዳሰቡ ነገሩን። ቶሌራ መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። እኔ አምሳ አለቃው ታየኝ።

ወንድማቸውን ሊያማክሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። የወለጋን የሰኔ ጭቃ ያላየ ሰው አይገባውም፤ ቀይ ነው፣ ይስባል፣ የያዘውን አይለቅም። የተሳፈርንበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሰመጠና ሁላችንም ወርደን ዋርካ ሥር ተጠለልን። እዚያው በቅሎዎቻቸውን ያሳረፉ ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ፣ ኡኬ ከሚባል አገር የመጡ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ለዝናብ የደረቡት የሣር ገሳ ከትከሻቸው ላይ ያንጠባጥባል። ከአገልግላቸው ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አውጥተው አቀመሱን፤ የቅቤው ሽታ ከእርጥብ ቅጠል ሽታ ጋር ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ልብስ ሰፊዎች መሆናችንን ሲሰሙ ሳቁ።

«የምትሰፉልን ለበጋ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ በኦሮምኛ። «እኛ እኮ የዓመቱን እኩሌታ ዝናብ ውስጥ ነን።»

እኔ ተቀየምኩ። አዴ ለሊሴ ግን ጩኮውን እንደያዙ ቀሩ። የገሳውን ጠርዝ ይዘው ዳሰሱት። ውኃው በየት ይገባል? በቅሎ ላይ ሲሆኑ ጉልበትዎን ያገኘዋል? ሲጠቀለል ይሰበራል? ብለው ይጠይቁ ጀመር። መኪናው ከጭቃው ሲወጣ ጥያቄያቸው ገና አላለቀም። ዲጋ ደርሰን ከወንድማቸው ጋር ምሳ ስንበላ፣ ስለ መሸጥ አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ተመልሰን፣ ዝናብ የማያስገባ ካባ ልንሰፋ፣ አቡጀዲ ጨርቅ በሰም መንከር ያዝን። ሰሙ የሚወጣበት የማር ሰፈፍ በብዛት የሚገኘው ጠጅ ቤት ነው። አዴ ለሊሴ ደግሞ ጠጅ በአፋቸው የማይዞር የወንጌል አማኝ ናቸው። በነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው ጠጅ ቤት ደጃፍ ሲቆሙ ከተማው ጉድ አለ። ሰሙን ብቻ ስንቀባው በፀሐይ ይጣበቃል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። የኑግ ዘይት አፍልተን ብንቀላቅልበት ለዘብ አለ። ሽታው ማር ማር ስለሚል ንቦች ቤታችንን ወረሩት፤ ቶሌራ አንድ ጧት ዐይኑ አብጦ ሲሰፋ ዋለ፤ እኔም ስቄ አልጠግብ አልኩ።

አዴ ለሊሴ በዚያ ሰሞን ደንብ አወጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ሥራ የለም፤ እያንዳንዳችን ያሰብነውን እንሞክራለን። የተበላሸው ጓሮ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «አትደብቁት» ይሉናል፤ «ካላየነው ያንኑ ደግመን እናበላሻለን።»

የመጀመሪያውን ካባ የገዙን ኦቦ ዋቅጅራ ነበሩ። ከጥቂት ገበያ በኋላ ከራስ እስከ እግር በስብሰው፣ እየተንቀጠቀጡ መጡና ካባውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞር አለ። አበቃልን አልኩ በልቤ።

አዴ ለሊሴ ካውያው ከሚሞቅበት ከሰል አጠገብ አስቀምጠው ደረቅ ጋቢ ደረቡላቸው። ከዚያ፣ «ኦቦ ዋቅጅራ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ሌላ እንሰፋልዎታለን። ግን እባክዎ ውኃው የገባበትን ያሳዩኝ» አሉ።

ሰውየው ግራ ተጋቡ፤ ቀስ በቀስም ቁጣቸው በረደ። ትከሻቸውን አሳዩ። መርፌው በበሳው፣ በስፌቱ በኩል ነበር። ቶሌራ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና፣ በዚያው ቅዳሜ ትከሻው ላይ ምንም ስፌት የሌለው ካባ ቆረጠ። እኔ ከኋላው ሰንጥቄ ኮርቻውን እንዲያለብስ አደረግሁት። ኦቦ ዋቅጅራ በየገበያው እየመጡ ይነቅፉልን ጀመር፤ ሌሎች ነጋዴዎችም ካባቸውን እያመጡ።

አቶ ሸምሱም አልተኙም። ካባ አሰፍተው አወጡ፤ ግን ስፌቱ ትከሻ ላይ ነበር። ገዢዎቹ ሲመልሱባቸው አንድ ቀን መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«አዴ ለሊሴ፣ የናንተው ለምን አያፈስም?»

አዴ ለሊሴ ይዘዋቸው ጓሮ ገቡ። ቀሚሳቸውን ብጎትትም አልሰሙኝም። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብልሽት አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። አቶ ሸምሱ አንዱን ካባ አውርደው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን ሁሉ ጨርቅ ማበላሸት እኔ አልችልም። ሆዴ ይቃጠላል» አሉ።

«እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ጨርቅ ማስመጣት አልችልም» አሉ አዴ ለሊሴ።

በዚያው ተስማሙ። አቶ ሸምሱ ጨርቁን በደህና ዋጋ ሊያቀርቡ፣ ካባውን እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ወስደው ሊሸጡ፤ እኛ ልንሰፋ። ሲወጡ ተናድጄ፣ «ምስጢራችንን ለምን አሳዩዋቸው?» አልኩ።

«ያዩት ያለፈውን ነው ኢንተላኮ፣ ልጄ። የሚመጣውንማ እኔስ መች አየሁት?»

የሚመጣው መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ከአዲስ አበባ ገባ፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ንብ የማይከተለው። ካባችን በአንድ ክረምት ሞተ። አዴ ለሊሴ ያን ቀን የስፌት መኪናቸው ላይ ተደግፈው ሲተክዙ ዋሉ። በማግስቱ ግን፣ ቶሌራ ሲሞክረው የከረመውን በሰም የተነከረ የካኪ ቦርሳ አንስተው ያገላብጡ ጀመር። የተማሪ ደብተር ዝናብ እንዳያገኘው ብሎ የሰፋው ነበር። በዚያ ቦርሳ ብዙ ዘመን ኖርን። አባቴም አምሳ አለቃውን ረሳው፤ እኔ ቶሌራን አገባሁ።

አዴ ለሊሴም ቶሌራም ዛሬ የሉም። ወጣቶች እንዲህ ያለውን ጉዳይ በትልልቅ ቃላት ይማሩታል አሉ። እኔ ቃላቱን አላውቃቸውም። ሰው የሠራሽውን ሊነጥቅሽ ይችላል፤ ለሚቀጥለው የመጓጓትን ልማድ ግን ማንም በዐይኑ አይቶ አይወስደውም፤ የማውቀው ይህን ነው።

አሁን ስፌት ቤቱን የያዘችው ልጄ ናት። ሰሞኑን አዲስ የሰፋችውን ነገር አምጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ዐይኔ ስለደከመ በጣቴ ዳበስኩት። ጣቴ አንድ ስፌት ላይ ቆመ። እሷም ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እሺ እማዬ» አለችኝ፣ «የቱ ጋ ነው ያላማረሽ?»