የአያ ፈንቴ ወገብ እና አሥራ አንደኛው ሰርኩላር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ፣ ከግንቡ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ የአውሮፕላን ቲኬት መሸጫ ቢሮ ውስጥ። ባለቤቱም ኃላፊውም አቶ ምናሴ ነበሩ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወረቀት ላይ ረዘም ያለ እንቁላል የመሰለ ነገር ሣሉና በሁለት መስመር ከሦስት ከፈሉት። "ፊት ያለው ፈርስት፣ መሐል ያለው ቢዝነስ፣ ኋላ ያለው ኢኮኖሚ። ሥራው ይሄው ነው፣ ሰናይት" አሉኝ። እኔ ያኔ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እሳቸውም ከኢኮኖሚ አልፈው እንደማያውቁ የነገሩኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ቲኬት በእጅ ይጻፍ ነበር። ከሥሩ ቀይ ካርቦን ስላለው ጠበቅ አድርገው ካልጻፉ የመንገደኛው ስም መጨረሻው ቅጠል ላይ አይወጣም። ለክፍሉ የሚጻፈው አንድ ፊደል ብቻ ነው፦ ኤፍ፣ ጄ ወይም ዋይ። ደንበኛ ግን ፊደል አይገዛም፤ ስም ነው የሚገዛው።

እኔም ለስሙ ቶሎ መላ አገኘሁለት። የጎንደር ሰው ሚኒባስ ላይ ከሹፌሩ ጎን ያለችውን ጋቢና ለመያዝ ምን ያህል እንደሚጋፋ አውቃለሁ። ስለዚህ "ፈርስት ማለት የአውሮፕላን ጋቢና ነው" እል ጀመር። ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ሥራዬም ቀለለ።

አንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ በዚህ ቃል ከእኔ ፈርስት ገዝቶ ዱባይ ደርሶ መጣ። ሻንጣውን እንደያዘ ነው ቢሮ የገባው።

"ጋቢና አላልሽኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

"ታዲያ ሹፌሩ የታለ? እኔ መንገዱን ልይ ብዬ ነው። በጎን መስኮት ደመና ሲያሳዩኝ ዋሉ። ከፊት ያለውን በር ባንኳኳ አስተናጋጇ መጥታ መለሰችኝ።"

"ወንበሩስ እንዴት ነበር?"

"ወንበሩማ ሸጋ ነው። ምነው፣ ወንበር ፍለጋ ነው እንዴ የሄድሁት?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቢና የሚለውን ቃል ተውኩት። ምትክ ግን አላገኘሁለትም።

ከዚያ ሰርኩላር የሚባሉት የአየር መንገድ ማስታወቂያ ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። ብዙ ደንበኛ የምንልክበት አንድ የውጭ አየር መንገድ ነበር። በመጀመሪያው ሰርኩላር ፈርስትን አጠፋውና ቢዝነስን "ኖብል" አለው። አቶ ምናሴ እጅግ ደስ አላቸው። "መኳንንት ማለት ነው። ለጎንደር የሚስማማው ይሄ ነው" ብለው ሠዓሊ ጠሩና ክንፍ ያለው ግንብ የተሣለበት ሰሌዳ አሠሩ። ስምንት ወር ሳይሞላ ኖብል ቀርቶ "ፕሪሚየም" ሆነ። ለአዲስ ሰሌዳ አልጨከኑም፤ ከላይ በትንሽ ቆርቆሮ አስለጠፉ። ሰሌዳው "ፕሪሚየም፣ የቀድሞው ኖብል፣ የቀድሞው ቢዝነስ" የሚል ሆነ። አላፊ አግዳሚው የተሻረ ባለሥልጣን ማዕረግ ይመስለው ነበር።

ወንበሩ ግን ያው ወንበር ነው። ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፤ ያኔም አልጋ ነበር።

አንድ ጊዜ አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ ላከልን። ሱፍ የለበሰ፣ ትሑት ወጣት ነው። "እኛ የምንሸጠው ወንበር አይደለም፤ ተሞክሮ ነው" አለን። እጄን አወጣሁና "ተሞክሮው ተኝቶ ነው ተቀምጦ?" ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄዬን በኢሜይል እንድልክለት ነገረኝ። ላክሁለት። እስከ ጡረታዬ መልስ አልመጣም።

ደግሞ "ላይት"፣ ቀላል ማለት ነው፣ የሚባል መጣ። አልጋው አለ፤ አልጋውን መምረጥ ግን የለም። አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው የእንግዳ ማረፊያ በር ይታያል፤ መግባት አይቻልም። ይህን ሳስረዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር "ታዲያ ምኑን ነው ያቀለሉት?" አለኝ።

አሥራ አንደኛው ሰርኩላር በመጣ ጊዜ ሰልችቶኝ ነበር። ከነፖስታው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን የምትባል ልጅ ከአውሮፓ ደወለችልኝ። ነርስ ናት። አባቷ አያ ፈንቴ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ከጎተራ አፋፍ ወድቀው ወገባቸው ተጎድቶ ግራ እግራቸው መደንዘዝ ጀምሯል። ልጅቱ በምትሠራበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አስይዛላቸዋለች። ቀጠሮው ካለፈ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እግሩም ሌላ ተራ እስኪመጣ የሚጠብቅ አይመስልም። የጎንደሩ ሐኪም ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ እንደሌለባቸው ጽፎ ሰጥቷቸዋል። እስከ አዲስ አበባ እንደምንም ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌሊት ሙሉ ተኝተው መሄድ አለባቸው።

"መኝታ ያለውን ቁረጭልኝ፣ ስሙን አላውቀውም" አለችኝ።

"ፕሪሚየም ነው" አልኳት። ቆረጥኩላት።

በረራው ስድስት ቀን ሲቀረው አያ ፈንቴ ራሳቸው በምርኩዝ ቢሮ መጡ። በጣም ረጅም ሰው ናቸው፤ በራችንን ያለፉት ጎንበስ ብለው ነው፣ እሱም አሳምሟቸዋል። ሰላምታ ተለዋወጥንና ክንዳቸውን ዘረጉ።

"ልጄ፣ መኝታው ስንት ክንድ ነው? በሬ እንኳ ሲገዛ ጋጣው ይለካል።"

በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። የአየር መንገዱን መጽሔት ልፈልግ መሳቢያውን ስከፍት ሰርኩላሩ እጄ ገባ። ፖስታውን ቀድጄ አነበብኩት። አልጋው ካለፈው ወር ጀምሮ "ኢምፔሪያል" ይባላል። "ፕሪሚየም" የሚለው ስም ወደ መሐል ወርዶ፣ ከኢኮኖሚ ትንሽ ለቀቅ ላለ፣ ለማይተኛ ወንበር ተሰጥቷል። በፊቱ ያለው ቦታ ሠላሳ ስምንት ኢንች ነው።

"ሁለት ክንድ ከትንሽ" አልኳቸው።

"እሱማ ለጥጃ ነው" አሉ።

አቶ ምናሴ ከጓዳ ወጡ። "ፕሪሚየም እኮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ስም ይፈልጋሉ?" አሉ። ተናደድኩ። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትርና ጠመኔ ተዋስኩና ሠላሳ ስምንቱን ኢንች ሲሚንቶው ላይ አሠመርኩ። ከጎኑ ደግሞ የአልጋውን ሰባ ስምንት ኢንች አሠመርኩ። ለአቶ ምናሴ ላሳያቸው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አያ ፈንቴ ግን ምርኩዛቸውን አስቀመጡ።

"ወሬ ምን ያደርጋል፤ ልተኛበትና ይታይ" ብለው በአጭሩ መስመር ውስጥ ጋደም አሉ። ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ ውጭ ቀረ። ልናነሣቸው ስንል ወገባቸው ያዛቸው። "ተዉኝ፣ ትንሽ ይለቀኝ" አሉና የደጋ ሰው ሲተኛ እንደሚያደርገው ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ። አቶ ምናሴም ደንበኛ እንዳያይ ብለው የቢሮውን በር ገርበብ አደረጉት።

እንግዲህ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ወለሉ ላይ ረጅም ሰው ተሸፍኖ ተዘርግቷል፤ እኔ ራስጌው ተንበርክኬ አለቅሳለሁ። ለቅሶዬ እውነተኛ ነበር፤ የሸጥኩትን አውቀዋለሁና። ለገበያ የመጣች አንዲት የአምባ ጊዮርጊስ ሴት በመስታወቱ አየችና ምርኩዙን ለየችው። እኛን አልጠየቀችም፤ ደወለች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። አርባ ሰው ይሆናል፤ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን ከነቋሚው ጭነው መጥተዋል። ከፊት የአያ ፈንቴ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ገቡ። አያ ፈንቴ ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

"ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

"አልሞትህም?"

"እየለኩኝ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ባላቸውን በነጠላቸው ጫፍ መቱአቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ይዘው አለቀሱ። ያን ጊዜ ከአርባው ሰው መሐል ያላለቀሰ አላየሁም። የእድሩ ዳኛ ብቻ ድንኳኑ ይተከል ወይስ ይመለስ ብለው አቶ ምናሴን ይጠይቁ ነበር።

አቶ ምናሴ በዚህ ሁሉ መሐል አየር መንገዱን በስልክ አግኝተዋል። ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ጠሩኝ። "ይሄ ቲኬት አይለወጥም፣ አይመለስም ነው የሚሉት። የሚመለሰው መንገደኛው ከሞተ ብቻ ነው።" ይህን ብለው ለቀስተኛውን ዞር ብለው አዩት። "እንግዲህ ምስክር ሞልቷል" አሉ ቀስ ብለው።

አያ ፈንቴ ሰምተዋል።

"ሞቼ ከሄድሁ ብርቱካን ማንን ልትቀበል ነው? ደግሞስ የሞተ ሰው ወገቡን ምን ይለዋል? መኝታ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው።"

ተቀመጥኩና ደብዳቤ ጻፍኩ። ሐሰት የለበትም። ስሙ ወደ ሌላ ወንበር መውረዱን ሳላነብ እንደሸጥኩ፣ መንገደኛው ለመቀመጥ እንደማይችሉ፣ የሸጥኩላቸው ቦታ ደግሞ እንደማይበቃቸው ጻፍኩ። የሐኪሙን ወረቀት አያያዝኩ። ቁመታቸው እንዲታይ ፎቶም አነሣሁ፦ ጋቢው፣ የጠመኔው መስመር፣ ከመስመሩ የወጣው እግር። ለቀስተኛው ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር፤ ቢሮው ጠባብ ነው፣ ማንንም ማስወጣት አልቻልኩም። ከላክሁት በኋላ አራት ሰው አያ ፈንቴን አንሥቶ አይሱዙው ላይ አስተኛቸው፤ ድንኳኑን ከሥራቸው አነጠፉላቸው።

መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። "ስለ ደረሰባችሁ ከባድ ሐዘን መላው ሠራተኞቻችን መጽናናትን ይመኛሉ። የቲኬቱ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ተመላሽ ሆኗል" ይላል። ደብዳቤዬን ያነበበ ሰው የለም፤ ፎቶውን ነው ያዩት።

አቶ ምናሴ ኮምፒውተሩን እንድዘጋ በእጃቸው አመለከቱኝ። እኔ አልሆነልኝም። ሰርኩላር ሳላነብ ቀርቼ እዚህ ደርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሳይነበብልኝ ዝም ልል አልፈለግሁም። ደወልኩ።

"መንገደኛው በሕይወት አሉ" አልኩት ላነሣው ሠራተኛ።

ሲጽፍ ቆየ። "ጉዳዩ በሞት ተዘግቷል። እንደገና ለመክፈት የሞት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።"

"አልሞቱም እኮ ነው የምልህ።"

"እንግዲያው ሊከፈት አይችልም። ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?"

"አለ። በዚሁ ስም፣ በዚሁ ቀን አንድ ኢምፔሪያል" አልኩት።

"በደስታ" አለኝ።

ከመዝጋቴ በፊት ስንት ዲግሪ እንደሚዘረጋ፣ ርዝመቱ ስንት ኢንች እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አስደገምኩት። ብርቱካን የጎደለውን ገንዘብ ጨመረች። በበረራው ጠዋት አያ ፈንቴን እስከ አየር ማረፊያው ሸኘሁ። ኮምፒውተሩ ሞተዋል ብሎ እንዳይመልሳቸው እየፈራሁ በሩን እስኪያልፉ ቆምኩ። አለፉ።

በአምስተኛው ወር ግድም በሩ ላይ ጎንበስ ያለ ረጅም ሰው አየሁ። ምርኩዝ የለም። አቶ ምናሴ በዚያ መሐል የጠመኔውን መስመሮች በዘይት ቀለም አስቀብተዋቸው ነበር፤ ደንበኛ ይተኛባቸዋል። ስም አላስጻፉባቸውም፤ አንዱ ላይ ሠላሳ ስምንት፣ ሌላው ላይ ሰባ ስምንት ይላል። አያ ፈንቴ በረጅሙ ውስጥ ተኙ፣ ጋቢያቸውንም ተከናነቡ። አቶ ምናሴ እየሮጡ ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ትንሽ ቆዩና አያ ፈንቴ ጋቢውን ገለጡ። እጄን ልሰጣቸው ስዘረጋ "ተይው፣ ልጄ" አሉኝ። ብቻቸውን ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉና ከብርቱካን የተላከልኝን ሹራብ ሰጡኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለገባችው ልጅ ያስረከብኳት አንድ ሜትርና አንድ ነገር ነው፦ የክፍሉን ስም ከመናገርሽ በፊት ወንበሩ ምን ያህል እንደሚዘረጋ አንብቢ። አሥራ ሁለተኛው ሰርኩላር የመጣ ዕለት፣ ገና ጡረታ ሳልወጣ፣ እኔም ቆሜ አነበብኩት።