የአዴ ጠጂቱ ማጭድ

ባለፈው ክረምት መቱ ሄጄ ነበር። የወንድሜ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ነው የሄድኩት። በዚያ ጭቃ ላይ ጉልበቴ እሺ አላለኝም፤ ግቢው በር ላይ ስደርስ ተንገዳገድኩና እንዳልወድቅ አጠገቤ ያለውን ቁጥቋጦ ጨበጥኩ። ለካ ዳማ ከሴ ኖሯል። ቅጠሉ መዳፌ ውስጥ ጭምቅ ሲል ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ቆሜ ቀረሁ። ሰው የምች መድኃኒት ነው ብሎ የሚወደው ሽታ ነው። እኔ ግን በልጅነቴ እስኪያንገሸግሸኝ ጠግቤዋለሁ፤ ዛሬም ከሱ ሥር ሌላ ሽታ ተከትሎ የሚመጣ ይመስለኛል። «እትዬ፣ ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ!» ይሉኛል ከውስጥ። እኔ ደግሞ በጃንሆይ ዘመን፣ በእናቴ አራስ ቤት ደጃፍ ላይ ነኝ።

አባቴ ጠላት ከወጣ በኋላ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ከገበያው በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለነበር ዝናቡ ሲጀምር ሰው ለሰው አይደማመጥም። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ይጀምራል እንጂ መች ያቆማል! ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ፤ እናቶቻችን ክረምቱን ሙሉ ጭስ ሲያስለቅሳቸው ነው የሚከርሙት። ከአጥራችን ማዶ ባለችው የሣር ጎጆ አዴ ጠጂቱ ትኖር ነበር። «አዴ» የኦሮሞ ልጆች ትልቅ ሴት የሚጠሩበት ነው፤ እኛ የሸዋዎቹ ልጆችም ከእነሱ ሰምተን አዴ እንላት ነበር።

አዴ ጠጂቱ ሣር ሻጭ ነበረች። ማለዳ ማጭዷን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርድና ለሹማምንቱ በቅሎዎች የሚሆን ሣር አጭዳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ከኋላ ላያት ሰው ሣሩ ራሱ በሁለት ቀጫጭን እግሮች የሚሄድ ይመስል ነበር። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ዳሪሙ የሚባል ገጠር፣ ከዘመዶቹ ጋር እርሻ ላይ ነው። ቁጡ ነበረች። ሸክሟን የነካ ልጅ በእርጥብ ሣር ሾጥ ይደረጋል። ግን ያቺው ቁጡ፣ ሣር ስታጭድ ያገኘችውን የዱር እንጆሪ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታመጣና አጥር ላይ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። ድካሟ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሸክሟን ስታወርድ «ዋቀዮ!» የምትላት ነገር ነበረች፤ አምላኬ ማለቷ ነው፤ ያቺን ድምፅ ዛሬ እኔው ከወንበር ስነሳ አወጣታለሁ።

በዚያ ዓመት እሷና እናቴ አብረው አረገዙ። በአጥሩ ላይ ሆነው «አንቺ ትቀድሚ እኔ» እየተባባሉ ይቀላለዱ ነበር። አዴ ጠጂቱ ቀደመች። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ገንፎ ተገነፋ። ሳምንት አልቆየም ልጁ ሞተ። ለአራስ ጥየቃ ይመጡ የነበሩት ሴቶች ለልቅሶ መጡ፤ ከዚያ እነሱም ቀሩ። ለሐዘንተኛ ገንፎ አይገነፋ ነገር። ጎጆዋ በር ተዘግቶ ቀረ፤ ጭስም ከጣራው አልፎ አልፎ ነው የሚታየው።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ተራዋ ደረሰ። አባቴ ከዳኛው ጋር በሥራ የኢሉባቦሯ ቡሬ ሄዷል። አክስቴ እትዬ በላይነሽ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ቤቱን ተቆጣጥራዋለች። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉ አድረው ማለዳ ላይ ወንድሜ ተወለደ። እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። የእንግዴ ልጁ ግን ቆየ አሉ፤ በስንት ጉድ ተጎትቶ ወጣ፤ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ያየው ሰው የለም። ሁሉም ወደ ገንፎው ዞረ።

የኛ አገር አራስ ከቤት ስትወጣ እጇን ባዶ አታደርግም። ቢላዋም ይሁን ማጭድ ብረት መያዝ አለባት፤ ያለዚያ ምችም ይመታታል፣ ሌላም ክፉ ነገር ያገኛታል። እናቴ አንድ ማለዳ አክስቴን መቀስቀስ አሳዝኗት ለብቻዋ ወደ ጓሮ ብቅ አለች፤ ያውም ባዶ እጇን። በዚያው ቀን ትኩሳቱ ጀመራት። አክስቴ ራሷን ያዘች። «ወይኔ በላይነሽ! ምች መታብኝ!» ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! በርና መስኮቱ ተዘጋ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደረበ። ዳማ ከሴ እየታሸ በአፍንጫዋ ተጨመቀ፣ ገላዋን ተቀባች፣ መደቡ ላይ ተጎዘጎዘ። እናቴ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። ጡቷ ነጠፈ።

ሕፃኑ ተራበ። ስኳር በጥብጠው በጥጥ ጠብ ጠብ አደረጉለት። የፍየል ወተት ሰጡት፤ አስመለሰው። መጀመሪያ ሰፈር የሚሰማው ለቅሶ ነበረው። በኋላ ግን እንደ ድመት ግልገል ሲር ሲር ማለት ብቻ ቀረው። አክስቴ አንዴ እናቴ ጋ አንዴ እሱ ጋ ስትሮጥ ፊቷ በሁለት ቀን አርጅቶ አየሁት። እኔ ወንድሜ ሊሞት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ቀትር ላይ ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል። አዴ ጠጂቱ በረንዳችን ላይ መጥታ ቆመች። ነጠላዋ ከገላዋ ተጣብቋል፤ በቀኝ እጇ ያቺን ማጭዷን ይዛለች። አክስቴ በሩን በሁለት እጇ ዘጋችው።

«ወዴት ነው?»

«ልጁ ሲያለቅስ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ ዝም ሲል ሰማሁ።»

«እና? አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ። ሐዘን ይዘሽ አራስ ቤት ልትገቢ? ምን በደልንሽ?»

«እኔም አራስ ነኝ» አለች፣ ማጭዱን ከፍ አድርጋ እያሳየቻት። «አርባ ቀኔ አልሞላም። ይኸው ብረቴን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ልጅ የሌላት አራስ የት አገር ነው ያለችው!»

አዴ ጠጂቱ ነጠላዋን ገለጠች። ጡቶቿን በአቡጀዲ ጥብቅ አድርጋ አስራቸዋለች። አቡጀዲው ርሶ፣ ወተቱ በሆዷ ላይ ይወርዳል።

«እትዬ በላይነሽ፣ ልጄ መሞቱን እኔ አውቃለሁ። ጡቴ ግን አያውቅም።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አትገቢም ካለች በኋላ ግቢ ማለት ለእሷ ዓይነት ሰው ሞት ነው፤ ስለዚህ ገብታ ሕፃኑን አመጣችላት። «እዚሁ በረንዳ ላይ» አለች። አዴ ጠጂቱ እርጥቡ መደብ ላይ ተቀመጠችና ማሰሪያዋን ፈታች። ልጁ መጀመሪያ አልያዘም። አፉ እየሳተ ሁለት ሦስቴ ተንሸራተተ። እሷ «ጉርባ ኮ፣ ጉርባ ኮ» ትለዋለች፤ ልጄ፣ የኔ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ ያዘ። አክስቴ በርከክ ብላ ጉሮሮውን እያየች ነበር። «ማርያምን፣ ዋጠ! ዋጠ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ጩኸት።

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ማነው? ልጄን ማን ዝም አሰኘው?»

 አዴ ጠጂቱ ናት የመለሰችው። «እኔ ነኝ፤ ጠጂቱ።»

«ግቢ» አለች እናቴ።

የቤቱ እመቤት ግቢ ካለች በላይነሽ ምን ታድርግ! አዴ ጠጂቱ ሕፃኑን ጡቷን እንደያዘ አቅፋ ገባችና መሀል ቤት ቆመች። ጨለማ ነው፤ ዳማ ከሴው ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ እናቴ ጎንበስ አለች፤ ቀና አለችና «ይሸታል» አለች።

«የዳማ ከሴው ነው» አለች አክስቴ። «ምች ነው የመታት!»

«እኔ ሣር ሻጭ ነኝ፣ ምኑን አውቃለሁ። ግን እትዬ፣ ይሸታል።»

ያኔ እትዬ በላይነሽ፣ ያቺ ሰው ፊት ጉንጯ ረጥቦ የማያውቅ ሴት፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተነፋረቀች። «እኔንም ሸቶኛል» አለች። «ጨርቁን ስቀይርላት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሸቶኛል። ምች በሆነልኝ ብዬ ነው። ምች ከሆነ እኮ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ።»

ሐኪም ቤት ያለው ጎሬ ነበር። ብቸኛዋ መኪና የቡና ነጋዴው የጣሊያን ካሚዮን፣ ትሬንታ ኳትሮ ናት፤ እሷ ደግሞ ጭቃ ውጧት ዳገቱ ላይ ቆማለች። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ አሰሩ። እናቴን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ አክስቴ «ብረት! ብረት!» እያለች ትተራመሳለች፤ ቢላዋው የት እንደገባ ጠፋት። አዴ ጠጂቱ ማጭዷን እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«ያዢው። አራስ ባዶ እጇን አትወጣም።»

«አንቺስ?» አለች እናቴ። «አንቺ በምን ትወጫለሽ?»

«የት እወጣለሁ? ልጁ እዚህ ነው።»

ቃሬዛው በዝናቡ ውስጥ ዳገቱን ወጣ። አዴ ጠጂቱ ሕፃኑን አቅፋ እናቴ መደብ ላይ ወጥታ ጋደም አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የደጃፋችንን መድረክ አልተሻገረችም፤ ብረት የላትምና።

በማግስቱ የእናቴን መሄድ ያልሰሙ ሁለት ሴቶች ገንፎ ይዘው መጡ። መደቡ ላይ ማን እንደተኛ ሲያዩ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። አክስቴ ያኔ የአራስ ነብር ሆነች። «ምን ትገተራላችሁ? አራስ ልትጠይቁ አይደል የመጣችሁት? ይቻትና! ግቡ!» ገቡ። አንደኛዋ አፏ እየተያያዘ «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ማርያም ጭንሽን ታሙቀው» አለቻት። አዴ ጠጂቱ ለራሷ ልጅ ይህን ተብላ ሳትጠግብ ነው የቀረችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቴ ቅቤውን ገንፎው መሀል አፍስሳ «ብይ፣ በሞቴ ብይ፣ ወተቱ እንዳይሸሽ» እያለች በእጇ ታጎርሳት ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ገነፋችላት። ሁለቱም ደክሟቸዋል፤ አንዳንዴ ቁጭ ባሉበት ያሸልባቸዋል፤ የሚሰማው ዝናቡና የወንድሜ ትፍ ትፍ እያለ መዋጥ ብቻ ነበር።

አባቴ ከቡሬ በቀጥታ ጎሬ ሄዶ ኖሯል። ከሳምንታት በኋላ፣ መንገዱ ትንሽ ጠፈፍ ሲል፣ እናቴን በዚያች መኪና ይዟት መጣ። ከእንግዴ ልጁ በስብሶ የቀረውን ጠርገው አውጥተው፣ መርፌ ወግተው አድነዋታል፤ ከእንግዲህ ግን አትወልጅም ብለዋታል። አባቴ ደግፏት በሩን ስትገባ አላወቅኳትም፤ ጉንጯ ሟሟ፣ ቀሚሷ ሌላ ሰው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ማጭዱን በነጠላዋ ጠቅልላ በደረቷ ይዛዋለች። መደቧ ላይ ሌላ ሴት ተኝታ ልጇን ታጠባለች።

አዴ ጠጂቱ ተንደፋድፋ ልትነሳ አለች። ልጁን ከጡቷ ነጥቃ፣ «እንቺ፣ እንቺ ልጅሽን» እያለች ዘረጋችላት።

እናቴ ግን ልጇን አልተቀበለችም። «ተኚ» አለች። «አርባ ቀንሽ አልፏል አልልሽም። እኔን አስጠጊኝ እንጂ፣ ቆሜ መቆየት አልችልም።»

እንዲህ ሆነው አንድ መደብ ላይ ሁለት አራስ ከረሙ፣ ልጁን መሀል አስተኝተው። ማጭዱ ከራስጌያቸው ምሰሶ ላይ ተሰቀለ።

ወንድሜ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሳ፣ ግብዣው ካበቃ በኋላ አዴ ጠጂቱ ነጠላዋን አጣፋች። ጡት ለመስጠት በቀን በቀን እየመጣች ልትሄድ ተስማምተዋል። ልጁን ለእናቴ አቀበለቻት፤ እሱ አለቀሰ፤ እሷ ዞራ አላየችም። በሩ ጋ ስትደርስ አክስቴ «ኧረ ማጭድሽን! ረሳሽው እኮ!» ብላ ጠራቻት።

«አልረሳሁትም» አለች። «ከዛሬ ወዲያ አራስ አይደለሁም።»

ወጣች። የጠራ ቀን ነበር፤ ፀሐይ ጭቃው ላይ ታበራለች። ሁለት እጆቿን ባዶ አድርጋ፣ ምን እንደምታደርጋቸው የጠፋት ይመስል አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያደረገች፣ በአጥሩ ዞራ ወደ ጎጆዋ ገባች። ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ሌላ ማጭድ ገዝታ ሣሯን መሸጥ ቀጠለች። ወንድሜን እስክትሞት ድረስ «ጉርባ ኮ» ስትለው ነበር፤ ሰፈሩም በክርስትና ስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ ጉርባ ነው።

ዳማ ከሴውን ከመዳፌ አራግፌ ገባሁ። የወንድሜ ልጅ ሕፃኗን አቅፋ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ለክትባት ጤና ጣቢያ ልትሄድ ባጃጁ ደጅ ይጠብቃታል። ጉርባ፣ ፀጉሩ ነጭ የሆነው ወንድሜ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ከግድግዳው ላይ ማጭዱን ሲያወርድ አገኘሁት። እጀታው ሁለቴ ተቀይሯል፤ ስለቱ ሣር ሳያይ ነው ያረጀው።

«አባዬ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን! ሰው ምን ይለኛል?» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ያዢው» አላት። «የእናቴ ነው።»