የነጂው ግራ

ባለፈው ወር ከልጄ ጋር የመጋረጃ ጨርቅ ልንገዛ፣ አሁን በምንኖርበት በሰው አገር ወዳለው ኦዊኖ ገበያ ሄደን ነበር። ከአሮጌ መጫወቻዎች ክምር ውስጥ ካርቶኑ የተላጠ፣ ገና ያልተገጣጠመ ትንሽ ሎኮሞቲቭ አየሁ። በጠባብ ሐዲድ የሚሄድ፣ ባቡሩን የሚጎትተው የፊተኛው ሞተር ነው። ሻጯ በእንግሊዝኛ፣ «ጃጃ፣ ለልጅ ልጅሽ ውሰጂለት» አለችኝ። ጃጃ እዚህ አያት ማለት ነው። የልጅ ልጅ የለኝም፤ ግን ገዛሁት።

«እማዬ፣ ለማን ነው?» አለች ልጄ።

«ለእኔ» አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ ታውቀኛለች።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ባቡር ነጂ ነበሩ። ዘጠነኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ካርቶን ሰጣቸው። የእኛም ሐዲድ ጠባብ ስለነበር አባቴ እንደ ዘመድ ተቀበሉት።

ሌላው አገር ክረምት ሲባል ዝናብ ነው፤ ድሬዳዋ ግን ሙቀቱ ከአሸዋው ይነሳል። በየማለዳው ፀሐይዋ ሳትበረታ ጠረጴዛ በረንዳ ላይ እናወጣለን። እናቴ ጊሽጣ ታቀርብልናለች። ፍሬውን በአንድ ወገን፣ ብሎኑን በሌላ ወገን እናስቀምጣለን። አንድ ቀን አባቴ የጊሽጣ ፍሬ አንስተው እንደ ብሎን ሊያጠብቁ ሲታገሉ ሁላችንም ሳቅን።

መመሪያው በፈረንሳይኛ ስለነበር አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። መመሪያው «በግራ በኩል ይታሰር» ያለውን የነጂውን መውጫ መሰላል አስሬ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት።

«ፊት ለፊቱ ቆመሽ ነው ያየሽው» አሉኝ። «የባቡር ግራና ቀኝ የሚባለው ከነጂው ወንበር ነው። ባቡር ፊት የሚቆምማ መገጨት የፈለገ ነው።»

ቀለሙን ግን «ለእኔ ተዪው» አሉና ዳቦ እንድገዛ ላኩኝ። ስመለስ ጨርሰው ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አካሉ አረንጓዴ፣ መንኮራኩሩ ቀይ ነው። የአባቴ ግን አካሉ ቀይ፣ መንኮራኩሩ አረንጓዴ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«አባባ፣ ገለበጡት እኮ።»

ሁለቱን የቀለም ጣሳዎች አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጓቸው። «ቀዩ የትኛው ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

አሳየኋቸው። ሳቄም እዚያው ቆመ።

«የሐዲዱን ምልክት መብራትስ እንዴት ነው የሚለዩት?»

«ረዳቴ ይነግረኛል። የማየው ከእሱ አፍ ነው።»

«እሱ ቢሳሳትስ?»

ብሩሹን በነጭ ጋዝ አጠቡ፤ ከጠራም በኋላ ማጠባቸውን አልተዉም።

ሰኞ ወደ ጅቡቲ ሊነዱ ተመድበው ነበር። ሰኞ ጠዋት እናቴ የቋጠረችላቸውን ስንቅ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ስንቁን ሳይ እንደማይነዱ ገባኝ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በቀጥታ አለቃቸው ዘንድ ሄደው ዓይናቸው ቀለም መለየት እንደተወ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ ሲያስገቡና ሲያወጡ ኖሩ። ለእናቴ «ደከመኝ» ብቻ አሏት። ምሳ ላይ ሆነው ባቡር ሲጮህ ግን፣ እስኪርቅ ድረስ አይጎርሱም ነበር።

እኔም በሳቄ ከባቡሩ ላይ እንዳወረድኳቸው እያሰብኩ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ።

ይህን ሰሞን ቡኮቶ ባለው ቤታችን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ የኦዊኖውን ሎኮሞቲቭ ስገጣጥም ሰነበትኩ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ዞሬ ከነጂው ወንበር አየሁትና በግራው አሰርኩት። ከዚያ ቦታ ሌላውንም ነገር አሰብኩ። አባቴ የተጠራጠሩትን ነገር ሳይጠይቁ የማይነኩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ቀዩ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ዳቦ እንድገዛ ላኩኝ። ምናልባት ዓይናቸው እንደከዳቸው የሚነግራቸው ሰው ፈልገው ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሁለት ጣሳ ቀለም ይዛልኝ መጣች።

«አካሉ አረንጓዴ ነው አይደል፣ እማዬ? ካርቶኑ ላይ እንዳለው?»

«አይደለም» አልኳት። «ቀዩን አቀብዪኝ።»