ድንጋዩን ያውጡለት

እንደ ልማዴ ቢሆን ያን ክረምት ሰሃላ ያለችው እህቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ግን በደርግ ጊዜ፣ አንዱ ሰኔ ላይ፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የጎጃም ልጅ፣ አስተማሪ ነው፣ ሬዲዮኑን አደራ ሰጠኝና ሰቆጣ ላይ ተተከልኩ።

እናቱን ሊጠይቅ መሄዱ ነው። ሬዲዮኗን ይዟት እንዳይሄድ ግማሹ መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹ በእግር። ለሱ ደግሞ ሚስትም ወንድምም እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እሷን ነው የሚከፍታት።

የኔ ቤት ክረምት ክረምት ግድግዳው ያልበዋል። እሳት የማነደው ለወጥ ያህል ነው፤ እንጨቱም እርጥብ። ስለዚህ ሬዲዮኗን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ አገልግል ውስጥ ከተትኳት፤ ከመሬት አርቄ ቆጥ ላይ አወጣኋት፤ አይጥ ክዳኑን እንዳይገፋው ደህና ድንጋይ ጫንኩበት። ጠርቼ ባሳየው ደስ አለው።

መኪናው ሊነሳ ሲል ግን ከላይ ሆኖ ጮኸ። "እማማ! ድንጋዩን ያውጡለት! ከከረመ ያበላሸዋል!"

"እሺ ልጄ፣ በሰላም ግባ!"

ቤት ገብቼ ድንጋዩን ከክዳኑ ላይ አነሳሁ። ነገሩ አልገባኝም። እኔ አማርኛን ከጎረቤት የለመድኩ ነኝ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በአገውኛ ነው። ክብደቱ ለሬዲዮ አይስማማ ይሆናል፣ የተማረ ሰው ያውቃል አልኩ። በድንጋዩ ፈንታ ድመት ተዋስኩ። ድመቲቱ አይጡን ትታ ክዳኑ ላይ ተኛች። ከድንጋዩ ትከብድ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጨው ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ከፊቴ የቆመች ሴት ባለሱቁን "ሁለት ድንጋይ ስጠኝ፣ ለሬዲዮ" አለችው። እሱም ከአውራ ጣት ወፈር ያሉ ሁለት ቆርቆሮ ነገሮች አቀበላት።

"ድንጋይ ማለት ይሄ ነው?" አልኩት።

"ታዲያ ከወንዝ የሚለቀም መስሎዎት ነው እማማ?"

ጨዉን ረስቼ ወጣሁ። ሬዲዮኗን ነጠላዬ ስር ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ጀርባዋን ሲከፍተው አንደኛው ድንጋይ አልቅሶ ነጭ ነገር ተፍቷል።

"እስካሁን ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"ድመት ስቀልብ።"

እሱ ሳቀ። በቢላ ጫፍ ፋቃት፣ በጥጥ ጠረጋት፣ አዲስ ድንጋይ አስገባባት። ጭጭ። "እርጥበት ገብቷት ነው፤ ፀሐይ ያሳዩዋት" አለኝ።

በነሐሴ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ደመናው ገለጥ ሲል ይዣት እወጣለሁ፣ ሲያካፋ ይዣት እገባለሁ። ጎረቤቶቼ "ጨቅላዋ እንዴት አደረች?" እያሉ ተጫወቱብኝ።

መስከረም ላይ አስተማሪው መጣ። ሰላምታውን ሳንጨርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድንጋዩንም፣ ድመቷንም። አልሳቀም። ከቦርሳው ድንጋይ አውጥቶ ከተተባት። ከፈታት። ተንሿሿች፣ ተንሿሿች፣ ከዚያ አንድ ጎርናና ሰውዬ ስለ ምርት ዘመቻ መለፍለፍ ጀመረ።

ዘመቻ ሲባል የሚደሰት ልጅ አልነበረም። ያን ቀን ግን ጫማው ጭቃ እንደለበሰ፣ ሰውየው እስኪጨርስ ቆሞ ፈገግ እያለ ሰማው።

"ጥፋቱ የኔ ነው እማማ" አለኝ። "ባትሪውን ያውጡ ማለት ነበረብኝ።"

"ባትሪ ብትለኝማ የእጅ ባትሪህን ፍለጋ ቤትህን ስበረብር እከርም ነበር" አልኩት።