ለአክስቷ የከፈትኩት በር

ልጅ ሳለሁ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ አስካለ ከሰሜን የመጡ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ሲሆኑ፣ ከጎለመሱ በኋላ ካቶሊክ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወንድሞቻቸው ደጃቸውን አልረገጡም፤ ጴንጤዋ እናቴም መቁጠሪያቸውን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ሰፈሩ «ከሁለት ያጣች» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሰምተው ይስቃሉ።

ሥራቸው መናኸሪያ መቆም ነበር። ለሰው ቤት ሥራ ከገጠር የሚመጡትን ሴት ልጆች ደላላ ሳይቀድማቸው ይቀበላሉ፤ ቤታቸው አሳድረው ወደ ወላጆቻቸው ይመልሳሉ፤ አሠሪ የደበደባትን ይዘው ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ። ውሸት አይወዱም፤ ለቀልድ ስንዋሽ እንኳ ይቆጡን ነበር።

ያኔ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ሰቅለው፣ ፍሙ ላይ በቆሎ እየጠበሱ ተረት ይነግሩን ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን ሲተርኩ ድምፃቸውን እንደ ትልቅ ጌታ ያጎረንኑታል፤ እኔም ጭሱ እያስለቀሰኝ እስቃለሁ። ብርቱካን ስትስቅ የሰማሁትም በዚያ ተረት ነው። ብርቱካን አንዲት ደላላ ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ያስገባቻትና ጀርባዋ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ የሸሸች ልጅ ነበረች። እናቷ ከቱላ ማዶ መጥታ እስክትወስዳት እየጠበቀች ነበር። «እኔ ከሌለሁ በር አይከፈትም» ብለውናል እትዬ አስካለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በር ተንኳኳ። ነጠላ የለበሰች፣ ሙዝ የያዘች ሴት በቀዳዳው ታየችኝ። በሲዳምኛ አንጀት በሚበላ ድምፅ ሰላም አለችኝ፤ «የብርቱካን አክስት ነኝ የኔ ልጅ፣ እናቷ ልካኝ ነው» አለች። ታላቅን ደጅ ማቆም ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ። ከፈትኩላት፤ ወንበር አቀረብኩ፤ ውሃ ሰጠኋት፤ ብርቱካንንም ሮጬ ጠራሁ።

ብርቱካን ስታያት አልጮኸችም። እጆቿ ብቻ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ሴትዮዋ «ተነሺ፣ እንሂድ» ስትላት «እሺ» አለችና ደጅ ወደቆመው ባጃጅ ተከተለቻት። አክስቷ ሳትሆን ያቺው ደላላ መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሰጠችኝን ሙዝ እንደያዝኩ ግን ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ።

እትዬ አስካለ ሲመለሱ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ከተማውን አዳረሱት። ፖሊሶቹም ዘመድ ከወሰዳት ምን እናድርግ አሏቸው። በሦስተኛው ቀን እናቷ አቧራ ለብሳ መጣች። ማን በሩን እንደከፈተ ስትጠይቅ እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አሉ እትዬ አስካለ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ነይና ውሰጂ ብለው ልከውልኝ፣ ለማን ሰጡብኝ? እግዚአብሔር ይይልዎ» አለቻቸው፤ መሬቱን በመዳፏ መታችው።

ከዚያ ወዲያ መናኸሪያው ሁሉ «ልጅ የምትሸጥ ካቶሊክ» ይላቸው ጀመር። የሚያምናቸው ልጅ ጠፋ፤ ቤቱም ባዶ ቀረ፤ ተረቱም ቆመ። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻለሁ። የቀረኝ ያ የእሳቸው ብቸኛ ውሸት ነው። አሁን የልጅ እናት ሆኛለሁ፤ ሁለት ጊዜ እውነቱን ለብርቱካን እናት ልነግራት ተነሥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቱላ ስደርስ ከታክሲ ወርጄ ተመለስኩ። በሕይወት ካለች የምትረግመው እትዬ አስካለን ነው። የእኔን ስም እንኳ አታውቀውም።